አላጠፋም

በማተሚያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከገጽ አቀናባሪዋ ኮምፒዩተር በላይ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። «ከሥራ ስትወጡ ኮምፒዩተር ሙሉ በሙሉ ይጥፋ» ይላል። የጻፉት የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ከሥሩ በእርሳስ፣ በትንንሽ ፊደል፣ «አላጠፋም» የሚል ተጨምሯል። የጻፈችው አቀናባሪዋ ራሷ፣ የወንድማቸው ልጅ ናት።

ባለቤቱን ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። ልጅቱን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ቢሆኑም እሷም እንደ ሌላው ሰው ጋሼ ትላቸዋለች። ምድር ቤት ወረቀት የሚቆርጠው ሰውዬ ያቺን የእርሳስ ጽሑፍ ባነበበ ማግስት «እምቢዬ» የሚል ስም አወጣላት። ስሙም ጸና። ጋሼ ሲቆጡም ሲያቆላምጡም በዚያው ይጠሯት ጀመር።

እምቢ ያለችበት ምክንያት ነበራት። መጽሐፍ ስታቀናብር መስኮቶቹን በራሷ ሥርዓት ነው የምትከፍተው፤ ምዕራፉ በግራ፣ ሥዕሎቹ በቀኝ፣ የአራሚው ማስተካከያ ከታች። ጠቋሚው የቆመበት ቃል እንኳን ለእሷ ምልክት ነው። ሁሉን ዘግታ በማግስቱ እንደገና መክፈት፣ ቤቷ ገብታ ዕቃው ሁሉ ተዘዋውሮ እንደማግኘት ይሆንባታል። ስለዚህ ስትወጣ ስሊፕ ላይ ታደርገዋለች። ስክሪኑ ይጨልማል፣ የማሽኑ ትንሽ መብራት ቀስ እያለች ትበራለች፣ ትደበዝዛለች። ጠዋት አንድ ቁልፍ ስትነካ ሁሉም በነበረበት ይጠብቃታል።

አንድ ቀን ከምሳ ስትመለስ ያቺ መብራት የለችም። ከጠረጴዛው ሥር ሁለት እግሮች ወጥተዋል።

«ማነህ?»

«ቴክኒሻን ነኝ» አለ ከሥር ያለው ድምፅ። «ጋሼ ናቸው የጠሩኝ። ማሽኖቹ አቧራ ጠጥተዋል።»

«የኔን ነቀልከው?»

«ጠፍቶ ነበር እኮ።»

«አልጠፋም! ተኝቶ ነው። መብራቷን አላየሃትም?»

ለመውጣት ሲሞክር ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨ። ቅንድቡ ላይ አቧራ ተጋግሯል፤ በሸሚዙ ኪስ ውስጥ ብሎኖች ይንኳኳሉ።

«አይቻት ነበር» አለ። «አየኋትና ለምንም የማትጠቅም መሰለችኝ።»

ሊዋሽ ይችል ነበር። ዓይኑንም ማሸሽ ይችል ነበር። ሁለቱንም እንዳላደረገ ልብ አለች፤ ንዴቷ ግን አልቀነሰም።

«ጠዋት የሠራሁት ሁሉ ሄዷል።»

«ሴቭ አላደረግሽም?»

«ሌባ ይመጣል ብዬ አልጠረጠርኩም።»

ከደረጃው ላይ የወረቀት ቆራጩ ሳቅ ተሰማ። «ወንድሜ፣ ነገር ይቅርብህ! እኛ እንኳን ከእሷ ጋር አንችልም!»

ቴክኒሻኑ ግን አልሄደም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ ማንም ሳይጠይቀው ማስረዳት ጀመረ።

«ስሊፕ ላይ ሲሆን ሥራሽ ያለው ሜሞሪ ላይ ነው። ሜሞሪ ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ ምንም አይዝም። መብራት ከሄደ፣ ወይ እንደ እኔ ያለ ሰው ከነቀለው፣ አለቀ። ሃይበርኔት ስታደርጊው ግን የከፈትሽውን ሁሉ ዲስክ ላይ ይጽፍና ጭራሹን ይጠፋል። ብትነቅይው፣ ብትሸከሚው ግድ የለውም። ስታስነሺው ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ።»

«ሻት ዳውንስ?»

«እሱ ሁሉን ይዘጋና በሚቀጥለው ከባዶ ይጀምራል። አንዳንዴ ለማሽኑ ጥሩ ነው።»

«ለሰውየውስ?»

«ስለ ሰው አልተማርኩም» አለ፤ ቅንድቡን ሲጠርግ አቧራው ጉንጩ ላይ ተሰመረ። ሳቋን ለመያዝ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አዞረች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሃይበርኔት ማድረግ ጀመረች። እሱም ማሽኖቹ ከሚፈልጉት በላይ ይመላለስ ጀመር። አንዴ ማራገቢያው ጮኸ ብሎ፣ አንዴ ማንም ያልጠየቀውን ገመድ ሊቀይር። እሷም ታየው ነበር። ሲያነጋግራት ስክሪኑን ያያል። እሷ ስክሪኑን ስታይ ደግሞ እሷን ያያል።

*

በዚያው ሰሞን የአዋላጅ ነርሶች መማሪያ መጽሐፍ እያቀናበረች ነበር። ገጾቹ ያሉት ከኮምፒዩተሩ ጋር በገመድ በሚገናኝ ትንሽ ዲስክ ላይ ነው። አንድ ቀን ማሽኗን ሃይበርኔት አደረገችና ዲስኩን ነቅላ ምድር ቤት ወረደች፤ ገጾቹ ፕሌት በሚባለው የማተሚያ ቆርቆሮ ላይ በሚቀረጹበት ክፍል ባለው ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ብዙ ምዕራፎችን አረመች። በማግስቱ ዲስኩን መልሳ ሰካች፣ የራሷን ማሽን አስነሳች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ገጾቹ ግማሹ የድሮው፣ ግማሹ ጭራሽ የማይከፈት ሆነው አገኘቻቸው።

ደወለችለት። መጥቶ ገጾቹን አንድ በአንድ ከፍቶ አየ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «ማሽኑ ከመጥፋቱ በፊት ዲስኩ እንዴት እንደነበረ መዝግቦ ይይዛል። ሲነሳ፣ እኔ በሌለሁበት የተለወጠ ነገር አለ ወይ ብሎ አይጠይቅም። የሚያስታውሰውን እውነት ነው ብሎ በአዲሱ ላይ ይጽፍበታል።»

«ይህን ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ዲስኩን ይዘሽ ትሄጃለሽ ብዬ አላሰብኩም። ቁጭ ብለሽ የምትጠብቂ መስሎኝ።»

«ቁጭ ብዬ የምጠብቅ እመስላለሁ?»

ከሥራው ፈቃድ ወስዶ በማግስቱ መጣ፤ በቀይ ብዕር የታረሙት የወረቀት ቅጂዎች አልጠፉም ነበርና እሱ ጮክ ብሎ ሊያነብ፣ እሷ ልትተይብ ተስማሙ። ማተሚያ ቤት ሲነበብ ነጥቡም ሰረዙም ይነበባል። ይህን ለመልመድ ጊዜ ፈጀበት፤ ከለመደው በኋላ ግን እንደ ዜና አንባቢ ሆነ።

«ሕፃኑን ወዲያው ማድረቅ ነጠላ ሰረዝ በእናቱ ደረት ላይ ማስተኛት ነጠላ ሰረዝ በሁለት ጨርቅ መሸፈን አራት ነጥብ ዓይንሽ ደክሟል ነጠላ ሰረዝ ትንሽ ብታርፊ አራት ነጥብ»

ጣቶቿ ተየቡት። ከጨረሰች በኋላ ነው የገባት። ከታች የመቁረጫው ማሽን ወረቀት ሲቆርጥ ይሰማል። ቀና ብላ አላየችውም። ዓረፍተ ነገሩን ሰረዘችው፤ ከመሰረዟ በፊት ግን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ቀጥል» አለች። ድምፅዋ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም።

መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ቆራጩ የመጀመሪያውን ቅጂ ይዞ ላይ ድረስ መጣና «በስንት ፍቅር እንደተሠራ አዋላጆቹ ባወቁ!» አለ። ጋሼ ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉ። ከዚያ በኋላ ግን ለቴክኒሻኑም ሻይ ወደ ላይ እንዲመጣለት ማዘዝ ጀመሩ።

*

ነገሩ የተበላሸው ጥሩ ዜና ሲመጣ ነው። ሩቅ ከተማ ያለ ትልቅ ሆስፒታል የኮምፒዩተር መስመሩን በሙሉ እንዲዘረጋ ቀጠረው። ሥራው ከዓመት በላይ ይፈጃል። የነገራት ከማተሚያ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት ነው፤ ሻዩን ሳይቀምስ አቀዘቀዘው።

«አስቤበታለሁ» አለ። «በስልክ መያያዙ ያደክመናል። አንቺም ሥራ ይበዛብሻል፣ እኔም እዚያ ሆኜ ልቤ እዚህ ይሆናል። ይልቅ እንዳለን እንቆይ። ስመለስ ካቆምንበት እንቀጥላለን።»

ማንኪያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ሃይበርኔት ልታደርገኝ ነው?»

«እንዲያ አላልኩም…»

«ነው ያልከው።»

«ቢሆንስ?» አለ፤ ፊቱ ቀላ። «ምንም አይጠፋም። እንደነበረ ይቆያል።»

«ዲስኩስ?»

የቀዘቀዘውን ሻይ ማማሰል ጀመረ።

«አንተ አሁን የምታውቃትን ልጅ መዝግበህ ትሄዳለህ» አለች። «እኔ ግን ቆሜ አልጠብቅህም፣ እለወጣለሁ። አንተም ትለወጣለህ። ስትመለስ የድሮዋን አምጥተህ በላዬ ላይ ልትጽፍብኝ ነው። አንዴ አይቼዋለሁ፣ ሲያበላሽ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ልቅር?»

«ማን ቅር አለህ? ሂድ። ሥራው ያንተ ነው፣ ያኮራል።»

«እና?»

«እናማ፣ አልተኛልህም።»

ተነስታ ወጣች። መንገዱን ስትሻገር ዞራ እንዳላየች እርግጠኛ ሆና ነበር፤ የሻይ ቤቱ መስታወት በር ግን ፊቷን መልሶ አሳያት፤ ዞራ ኖሯል።

ጋሼ በዚያ ሳምንት ፊቷን አይተው ገባቸው። መክሰስ እየበሉ «ልጄ፣ ወንድ ልጅ ሥራ ላይ ሲሆን አይጎተትም» አሏት። «ዝም ብለሽ ጠብቂው። እንዳለሽ ይወቅ እንጂ አትጩኺበት።»

ያቺ ቀስ እያለች የምትበራ፣ የምትደበዝዝ መብራት ትዝ አለቻት። «መብራት የሄደ ዕለትስ፣ ጋሼ?» አለቻቸው።

«የምን መብራት?»

«ይተዉት።»

ሊሄድ ቀናት ሲቀሩት፣ ሳትጠራ፣ እናቱ ቤት ሄደች።

እናቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። በር የከፈቱላት ከንፈራቸው መሐል መርፌዎች እንደያዙ ነው። ተመልሰው ስፌት መኪናቸው ላይ ተቀመጡ፤ ለእሷ ወንበር አላቀረቡም፣ ሂጂም አላሏትም።

«አንቺ ነሽ እምቢዬ የሚሉሽ?»

«ነኝ፣ እማማ።»

«እንዳመጣጥሽ ከሆነ ልጄን አስቀሪልኝ ልትይኝ ነው።»

«አይደለም። ይሂድ። የመጣሁት ሲሄድ እንደማልተወው እርስዎም እንዲያውቁ ብዬ ነው።»

እናትየው መርፌዎቹን ከአፋቸው አውጥተው በመርፌ መሰኪያዋ ትንሽ ትራስ ላይ ሰኩ፤ አንድ በአንድ።

«ስሚኝ፣ ልጄ። ጠልቼሽ አይምሰልሽ። ዝጊው። አሁኑኑ ዝጊውና በአዲስ ጀምሪ። አባቱ የረጅም መንገድ ሹፌር ነበር። ሄዶ ሄዶ ሲመጣ የሚፈልገው ሲሄድ የነበረችውን ልጅ ነው። እኔ ደግሞ በሌለበት ወልጄ፣ ስፌት ተምሬ፣ ከአከራይ ጋር መጨቃጨቅ ለምጄ ቆየሁት። በገባ ቁጥር ‹ድሮ እንዲህ አልነበርሽም› ይለኛል። መጨረሻው ምን ሆነ? በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነ። እንግዳ ደግሞ ይሄዳል። ይሄ ልጅ የአባቱ ልጅ ነው፤ ነገር ሁሉ እንዳስቀመጠው እንዲቆይለት ይወዳል።»

«አልዘጋም፣ እማማ።»

«እንግዲያው ጠብቂው፤ እንደኔ።»

«አልጠብቅምም።»

ስፌት መኪናው ቆመ። «አትዘጊ፣ አትጠብቂ። ምን ልትሆኚ ነው?»

«እነግረዋለሁ» አለች። «በየቀኑ። የተለወጠውን ሁሉ፤ ስናደድ፣ ስታመም፣ ፀጉሬን ስቆርጥ። መስማት ካልፈለገ ያን ጊዜ የዘጋው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

እናትየው ጨርቁን በመዳፋቸው ዳበሱ።

«እኔ አልነገርኩትም ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ሲደውል ‹ሁሉም ሰላም ነው› እለው ነበር። መንገድ ላይ እንዳላስጨንቀው ብዬ።»

ከዚያ እናትየው በእግራቸው ከጠረጴዛው ሥር አንድ በርጩማ ገፉላት።

«ቁጭ በይና ይሄን ጠርዝ ያዢልኝ። አጥብቀሽ! እንዲያ ይላላል።»

ልጃቸው ሻንጣ ገዝቶ ሲገባ ያገኛቸው እንዲህ ነው፤ አንዷ ስትሰፋ፣ አንዷ ጠርዙን ወጥራ ይዛ። በሩ ላይ ቀረ።

«ምን ትገተራለህ? ግባ» አሉት እናቱ። «ይቺ ልጅ በየቀኑ ልትደውልልህ ነው። ስልክህን ያላነሳህ ዕለት እኔ ራሴ እመጣልሃለሁ።»

ሻንጣውን አስቀመጠ። ወደ እሷ ዞሮ፣ እንደዚያን ጊዜው ዓይኑን ሳያሸሽ፣ «ስሊፕ፣ ሃይበርኔት፣ ሻት ዳውን፤ ከሦስቱ አንዱንም አልመረጥሽም ማለት ነው» አላት።

«ሦስቱም ሥራ ለፈታ ማሽን ናቸው» አለች። ጠርዙን አልለቀቀችም። «እኔ ሥራ ፈትቼ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

*

ደወለች። መጀመሪያ ላይ መልሱ ሁሉ «ደህና ነኝ» ነበር።

«ደህና መሆንህን አልጠየቅሁህም። ዛሬ ምን ሆንክ ነው ያልኩህ።»

እሷ ትነግረዋለች። የአዋላጆቹን መጽሐፍ የሚተካ ሥራ እንዳልመጣ፣ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት እንደጀመረች፣ ከጋሼ ጋር ስለ አዲስ ማሽን ተጣልታ እንዳሸነፈች፣ ፀጉሯን እንደቆረጠች። የፕሌት ክፍሉ ኃላፊ ሆና ምድር ቤት ስትወርድም ነገረችው። አዲሱ ክፍል ከወረቀት ክምሩ ጀርባ ነው፣ መስኮት የለውም፣ በሩ አረንጓዴ ነው።

«ምንድን ነው ሲጥ ሲጥ የሚለው?» አላት አንድ ቀን።

«ወንበሬ ነው። ዞር ባልኩ ቁጥር ይከሰኛል።»

ሲጣሉም በስልክ ተጣሉ። በማግስቱ ደውላ «አሁንም አኩርፌያለሁ። የደወልኩት እሱን ልነግርህ ነው» አለችና ዘጋችው። ወዲያው መልሶ ደወለ፤ እየሳቀ ነበር።

ከዚያ አንድ ከሰዓት እሱ ቀድሞ ደወለ። የተሳሳተ ገመድ ነቅሎ የአንድ ሙሉ ክፍል ኮምፒዩተሮች እንደጠፉ፣ ዋናዋ ነርስ በሰው ፊት እንደጮኸችበት፣ መልሶ እንዳስተካከለው ነገራት።

«ለማንም አልነገርኩም» አለ። «ፈርቼ ነበር። እኔ እንደምታስቢኝ አይደለሁም።»

«እንደማስብህማ ብትሆን ምን ያስደውልሃል?» አለችው። ስልኩን አልዘጋም። እየተነፈሰ ይሰማታል።

*

የሚመለስበት ቀን ሲታወቅ ቆራጩና ጋሼ ተወራረዱ። ቆራጩ ልጁ በቀጥታ ወደ አረንጓዴው በር ይሄዳል አለ። ጋሼ ደግሞ «እግር የለመደውን ነው የሚያውቀው፤ ደረጃውን ነው የሚወጣው» አሉ። የተሸነፈ ለሠራተኛው በሙሉ ሻይ ይጋብዛል።

ገባ። ሰላም አላቸው፣ ጋሼን አቀፈ። ደረጃውን ዞሮም አላየውም። በወረቀቱ ክምር ጎን ታጠፈ።

«ሻይ ነው፣ ጋሼ!» አለ ቆራጩ።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መስታወቱ ግን ንጹሕ ነበር።

እሷ ቀለም ከእጇ ታጥባ ስትመለስ አረንጓዴው በር ተከፍቷል። ከወንበሯ ሥር ሁለት እግሮች ወጥተዋል። ወለሉ ላይ ካቻቢቴና ትንሽ የዘይት ቆርቆሮ አለ።

በሩ ላይ ቆመች። ድምፅዋ ግን አልቆመም።

«ማነህ?»

«ቴክኒሻን ነኝ።»

«ማን ጠራህ?»

«ወንበሩ። ስንት ወር ሙሉ ጆሮዬ ላይ ሲጮህ።»

ወጣ። በዚህ ጊዜ ጭንቅላቱን አላጋጨም። እንደተንበረከከ ፀጉሯን አየ፣ ፊቷን አየ። የሚፈልገውን ያጣ ሰው አይመስልም፤ አድራሻውን ሳይሳሳት የደረሰ ሰው ይመስላል።

«ከጆሮሽ በላይ መሆኑን አልነገርሽኝም» አለ።

«አንድ ነገር ላስቀርልህ ብዬ ነው።»

ወንበሩን በጣቱ ገፋው። ያለ ድምፅ ዞረ። ሁለቱም እስኪቆም ድረስ ሲዞር አዩት። ከዚያ እጇን ያዘ፤ ጣቶቿ ገና እርጥብ ነበሩ።

«እናቴ እየጠበቀችን ነው» አለ። «ቀን ቁረጡ ብላለች።»

«እኔማ ቆርጫለሁ።»

«መቼ?»

«መንገድ ላይ እነግርሃለሁ።»

ወደ ኮምፒዩተሯ ዞረች። የተከፈቱትን ገጾች አንድ በአንድ ሴቭ አድርጋ ዘጋች፤ የግራውን፣ የቀኙን፣ የታችኛውን። ከዚያ ሻት ዳውን የሚለውን ነካች። ስክሪኑ ጨለመ፤ ማራገቢያው ዝም አለ፤ መብራቷም አብራ ጠፋች።

ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «እምቢዬ! አጠፋሽው?»

«ማሽኑ ሥራ የለውም፣ ጋሼ። እኔ ነኝ ያለኝ» አለችና እጁን ሳትለቅ አልፋቸው ወጣች።

ላይኛው ፎቅ ግድግዳ ላይ ያ ወረቀት እስካሁን እንደተለጠፈ ነው። የእርሳሱ ጽሑፍ እየደበዘዘ ሄዶ ነበር። በሠርጉ ሰሞን ግን አንድ ሰው በጥቁር ብዕር አድምቆታል፤ የእጅ ጽሑፉም የጋሼ ነው።